የሰርቨርን ስም መደበቅ ምን ያህል ያዋጣል?

ጥያቄ

«ደሴ ውስጥ በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር የአይቲ ሠራተኛ ነኝ። ሁለት ሰርቨር አለን። አንደኛው ላይ ዌብሳይታችን አለ፤ ኡቡንቱ 20.04 ሊኑክስ፣ ገጾቹን ለጠያቂ የሚያደርሰው ኤንጂንኤክስ፣ ፒኤችፒ፣ ከላይ ዎርድፕረስ። ሁለተኛው አባላት ቀሪ ሂሳባቸውን የሚያዩበት ነው፤ እሱ በኤንጂንኤክስ ፋንታ በአፓቼ ይሠራል። በቅርቡ የመጣ ኦዲተር ‹የሰርቨሩ ስምና የቨርዥን ቁጥሩ ለማንም ይታያል› ብሎ ጻፈብን። ሥራ አስኪያጃችን ‹አጥፋው፤ ካልሆነም ማይክሮሶፍት ብለህ ጻፍበትና ይደናገሩ› ብለውኛል። እንዴት ነው የሚጠፋው? የውሸት ስሙስ ያዋጣል? ሰርቨሩን በትእዛዝ መስመር በሚጠይቀው መሣሪያ፣ በከርል፣ ያገኘሁትን ውጤት አያይዣለሁ።»

መልስ

አብሽር ወንድሜ፣ ጉዳዩ ከባድ አይደለም። ቁጥሩን አጥፋው፤ ቡና ሳይፈላ ትጨርሰዋለህ። የውሸት ስሙን ተወው። ከላክልኝ ውጤት ውስጥ ግን ዓይኔ የገባው ኦዲተሩ የጻፈባችሁ መስመር አይደለም፤ ከሥሩ ያለው ነው። እንደርስበታለን።

ትእዛዞቹን እንደሚነበቡ በፊደላችን እጽፍልሃለሁ። አንተ ስትተይብ በላቲን ፊደል ነው፤ ትልቅና ትንሹን ፊደል አደራ።

የላክልኝ ይኼ ነው፦

ኤችቲቲፒ/1.1 200 ኦኬ
ሰርቨር፦ ኤንጂንኤክስ/1.18.0 (ኡቡንቱ)
ኮንቴንት-ታይፕ፦ ቴክስት/ኤችቲኤምኤል
ኤክስ-ፓወርድ-ባይ፦ ፒኤችፒ/7.4.3

ብሮውዘር አንድ ገጽ ሲጠይቅ ሰርቨሩ ገጹን ብቻ አይልክም። ከፊት እነዚህን መስመሮች ያስቀድማል፤ ሄደር የምንላቸው ናቸው። ተጠቃሚው አያያቸውም። «ከርል» ብሎ በትልቁ «አይ» የጠየቀ ሁሉ ግን ያያቸዋል።

«ሰርቨር» የሚለው መስመር የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው የኤችቲቲፒ 1.0 ሰነድ ላይ አለ። ያን ጊዜ የታሰበው ለሌላ ነገር ነበር። ሁለት ሶፍትዌሮች አልግባባ ሲሉ ጥፋቱ ከየትኛው እንደሆነ ለማወቅ ይረዳል፤ የትኛው ሰርቨር ስንት ቦታ እንዳለ ለመቁጠርም ያገለግላል። ኔትክራፍት የተባለው የእንግሊዝ ድርጅት ከ1995 ጀምሮ የዓለምን ሰርቨሮች ሲቆጥር የኖረው ይህን መስመር እያነበበ ነው።

በ2022 የወጣው አዲሱ ሰነድ፣ ቁጥሩ 9110 የሆነው፣ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ አስቀምጦታል። ሰርቨር ይህን መስመር መላክ ይችላል እንጂ ግዴታ የለበትም። ከላከም ሳያስፈልግ ዝርዝር አያብዛ። ረጅም ዝርዝር ምላሹን ያዘገያል፤ የታወቀ ቀዳዳ ለሚፈልግ አጥቂም ሥራውን በመጠኑ ሊያቀልለት ይችላል ይላል። በመጠኑ ነው፤ ከዚያ አይበልጥም።

የአፓቼ ሰዎች ደግሞ ከዚህም ይጠነክራሉ። በራሳቸው መመሪያ ላይ፣ ይህን መስመር ማጥፋት ሰርቨርህን በምንም መልኩ ደህንነቱ የተጠበቀ አያደርገውም፣ እንዲያውም የውሸት መተማመን ያመጣል ብለው ጽፈዋል። እኔ ትንሽ አጋነኑት ባይ ነኝ። ምክንያቴን ልንገርህ።

ይህን መስመር የሚያነበው ማነው? አብዛኛው አጥቂ አያነበውም። ካላመንክ የራስህን ሎግ፣ ማለትም ሰርቨሩ ጠያቂዎቹን የሚመዘግብበትን ፋይል፣ ክፈት፤ «ቫር» ሥር «ሎግ»፣ እዚያ ውስጥ «ኤንጂንኤክስ»፣ ከዚያ «አክሰስ.ሎግ» የሚለው ፋይል። የአንድ ቀን ብቻ እየው። «ነጥብ ኢኤንቪ» የተባለውን የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ፋይል የሚጠይቅ ታገኛለህ። «ፒኤችፒማይአድሚን» የሚፈልግ አይጠፋም። የዎርድፕረስ መግቢያን የሚደበድበውማ ቁጥር የለውም። ከእነዚህ መሀል የማይክሮሶፍት ኤክስቼንጅን የኢሜይል ሰርቨር የሚፈልግ ወይም በ«ኤኤስፒኤክስ» የሚያልቅ ገጽ የሚጠይቅ ካገኘህ ቆም በል። ሰርቨርህ በየምላሹ «እኔ ኤንጂንኤክስ ነኝ፣ ኡቡንቱ ላይ ነኝ» እያለ እየጮኸ፣ ቦቱ፣ ማለትም አጥቂው የለቀቀው በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም፣ የዊንዶውስ ቀዳዳ ይሞክርብሃል። ስለማያነብ ነው። ለእሱ ሁሉንም በሁሉም ላይ መሞከር ይረክሳል።

የሚያነቡትም አሉ። ሾዳን የሚባል መፈለጊያ አለ፤ ከ2009 ጀምሮ ኢንተርኔት ላይ ያሉ ማሽኖችን እያንኳኳ የሚመልሱትን ይመዘግባል። ቁጥሩን የሚመዘግበው እንግዲህ ከዚህ መስመር ነው። አሁን ጥቅምት 2021ን አስብ፤ እ.ኤ.አ. ነው። አፓቼ 2.4.49 ላይ ከተፈቀደው ፎልደር ውጭ ያሉ ፋይሎችን የሚያስነብብ፣ ቅንብሩ ከተመቸም ትእዛዝ እስከ ማስኬድ የሚያደርስ ቀዳዳ ተገኘ። 2.4.50 ወጣ፤ እሱም በቅጡ አልደፈነውም። 2.4.51 ነው የዘጋው። ከ2.4.49 በፊት የነበሩት ቀዳዳው አልነበረባቸውም። እንዲህ ባለ ቀን ትክክለኛውን ቁጥር የለጠፈ ሰርቨር በአንድ ፍለጋ ዝርዝር ውስጥ ይወጣል። ቁጥሩን የደበቀው ከመጀመሪያው ዝርዝር ይቀራል። ፓች፣ ማለትም የቀዳዳውን መድፈኛ፣ ለመጫን ጥቂት ሰዓት ታገኛለህ። ጥቅሙ ይህ ነው፤ ትንሽ ናት፣ ግን ዋጋ የማታስከፍል ትንሽ።

ሌላም ጥቅም አለ፤ ማንም አያነሳውም። ቁጥሩን ከሁሉ በላይ የሚያነበው የኦዲተር ስካነር ነው። ኡቡንቱ የቨርዥን ቁጥሩን ሳይለውጥ ቀዳዳውን ብቻ ይደፍናል። ለምሳሌ በ2021 ኤንጂንኤክስ ላይ የዶሜይን ስምን ወደ አይፒ ቁጥር በሚፈታው ክፍሉ በኩል አንድ ቀዳዳ ተገኝቶ ነበር፤ እስከ 1.20.0 ያሉትን ይነካል። ኡቡንቱ ላይ ግን አፕዴት ያደረገ ሰው ቀዳዳው ተደፍኖለት ቁጥሩ 1.18.0 እንደሆነ ይቀራል። ስካነሩ ይህን አያውቅም። 1.18.0 አየ፣ ዝርዝሩን አወጣ፣ በቀይ ቀባው። ከዚያ አንተ ሥራ አስኪያጁ ፊት ቆመህ «የለም፣ ተደፍኗል» ስትል ትውላለህ። እንዲህ ሲገጥምህ «አፕት ቼንጅሎግ ኤንጂንኤክስ» በልና የተደፈነውን ቀዳዳ ከነመለያ ቁጥሩ አውጥተህ ስጣቸው።

አሁን ወደ ሥራው።

ኤንጂንኤክስ ላይ ዋናው ፋይል «ኢቲሲ» ውስጥ፣ «ኤንጂንኤክስ» ፎልደር ውስጥ፣ «ኤንጂንኤክስ.ኮንፍ» ነው። ኡቡንቱ 20.04 ላይ ስትከፍተው «ሰርቨር_ቶክንስ ኦፍ» የሚል መስመር ቀድሞ ተጽፎ ታገኛለህ፤ ከፊቱ የመሰላል ምልክት (#) ስላለ አይሠራም። ምልክቷን ብቻ አጥፋ። «ኤንጂንኤክስ ሰረዝ ቲ» ብለህ ፋይሉ ስህተት እንደሌለው አረጋግጥ፤ ከዚያ በ«ሲስተምሲቲኤል ሪሎድ ኤንጂንኤክስ» አስነሳው። ሪሎድ ነው የምልህ፣ ሪስታርት አይደለም፤ ገጹ ላይ ያለ ሰው አይቆረጥበትም። አሁን ከርል ስታደርግ «ሰርቨር፦ ኤንጂንኤክስ» ብቻ ይላል። ቁጥሩም ኡቡንቱም ሄደዋል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መስመሩን አንድ ሳይት ብቻ የሚመለከተው ክፍል ውስጥ በመጻፍ ነው። «ኤችቲቲፒ» በሚለው ትልቁ ክፍል ውስጥ ይሁን። አለበለዚያ በዶሜይን ስም ስትጠይቀው ይደበቃል፣ በአይፒ ቁጥሩ ስትጠይቀው ይናገራል። ሾዳን ደግሞ የሚያንኳኳው በአይፒ ነው። ስለዚህ ስትፈትሽ በስሙም በቁጥሩም ሞክር። የሌለ ገጽም ጠይቀው፤ የ404 ገጹ ግርጌ ላይ ቁጥር መኖር የለበትም። ኤችቲቲፒኤስ ወዳልሆነው በርም ሂድና ወደ ዋናው ሲመልስህ የሚልከውን አንብብ።

«ኤንጂንኤክስ» የሚለው ስምም ይጥፋ ካልክ መንገዱ ይረዝማል። ስሙን ራስህ የምትጽፍበት ወይም ባዶ የምታደርግበት አማራጭ የሚገኘው በሚከፈልበት ቨርዥን ነው። በነጻው ላይ «ሄደርስ-ሞር» የሚባል ተጨማሪ ሞጁል አለ፤ ኡቡንቱ በአፕት ይሰጥሃል። እሱን ጭነህ «ሞር_ክሊር_ሄደርስ ሰርቨር» ትላለህ፣ መስመሩ ጭራሽ ይጠፋል። «አድ_ሄደር» የሚለውን ተራ ትእዛዝ ግን አትልፋበት፤ አዲስ ይጨምራል እንጂ ነባሩን አያጠፋውም።

ሶርስ ኮዱን ከፍተው ስሙን በእጃቸው ቀይረው ኮምፓይል የሚያደርጉም አሉ። ተው። ያን ያደረግክ ቀን ኤንጂንኤክስህ ከኡቡንቱ አፕዴት ይወጣል። ነገ ቀዳዳ ሲገኝ ፓቹ በራሱ አይመጣልህም፤ አንተው ማውረድ፣ አንተው ኮምፓይል ማድረግ አለብህ። አንተ ፈቃድ ወጥተህ ሐይቅ ዳር ዓሣ ስትበላ ማን ያደርገዋል? ስም ለመደበቅ ብሎ ፓች ማጣት ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

አፓቼው ላይ እንሂድ። «ኢቲሲ»፣ «አፓቼ2»፣ «ኮንፍ-አቬይለብል»፣ ከዚያ «ሴኩሪቲ.ኮንፍ»። ሁለት መስመር ትፈልጋለህ። «ሰርቨርቶክንስ» የሚለው ኡቡንቱ ላይ «ኦኤስ» ተብሎ ነው የሚመጣው፤ ስሙን፣ ቁጥሩንና ኡቡንቱ መሆኑን ይናገራል ማለት ነው። «ፕሮድ» አድርገው፤ «አፓቼ» ብቻ ይቀራል። «ሰርቨርሲግኒቸር» የሚለውን «ኦፍ» አድርግ፤ እሱ በስህተት ገጾች ግርጌ የሚወጣውን ፊርማ ያጠፋል። «አፓቼሲቲኤል ኮንፊግቴስት» በልና «ሲንታክስ ኦኬ» ካለህ ሪሎድ አድርግ። ሰርቨርቶክንስ ለመላው ሰርቨር ነው የሚሠራው፤ ለአንድ ሳይት ለይተህ ልትሰጠው አትችልም፤ «ኤችቲአክሰስ» ፋይል ውስጥም አይገባም።

አፓቼ ላይ «ምንም አትበል» የሚል ምርጫ የለም። «ሄደር አንሴት ሰርቨር» ብለህ ብትጽፍም አይሰማህም። «አፓቼ» የሚለው ስምም ይጥፋ ካልክ ሞድሴኩሪቲ የሚባለውን ተጨማሪ ሞጁል መጫን ይኖርብሃል። እሱም በእኔ ግምት ለዚህ ብቻ ሲባል አይጫንም፤ ሌላ ትልቅ ሥራ ያለው መሣሪያ ነው።

አሁን ዓይኔ ወደገባው መስመር። «ኤክስ-ፓወርድ-ባይ፦ ፒኤችፒ/7.4.3»።

ኦዲተሩ ይህን አልጻፈም መሰለኝ፤ ወይም አንተ አልነገርከኝም። ከላይኛው መስመር ይልቅ አጥቂ የሚወደው ይህን ነው። ፒኤችፒ 7.4 በሠሪዎቹ ዘንድ ድጋፉ ያበቃው ኅዳር 28 ቀን 2022 እ.ኤ.አ. ነው። ኡቡንቱ ከዚያ በኋላም በራሱ ሲደፍንላችሁ ቆይቷል። የ20.04 መደበኛ ድጋፍ ግን በ2025 ግንቦት ወር አበቃ። ኡቡንቱ ፕሮ ካላስገባችሁበት በቀር ከዚያ ወዲህ ለፒኤችፒያችሁም ሆነ ለኤንጂንኤክሳችሁ አንድም የደህንነት ፓች አልገባም ማለት ነው። ኦዲተሩ ሊጮህ የሚገባው እዚህ ላይ ነበር።

መስመሩን ማጥፋቱ ቀላል ነው። «ፒኤችፒ.አይኤንአይ» ውስጥ «ኤክስፖዝ_ፒኤችፒ» የሚለው አንተ ጋ «ኦን» ሆኗል፤ «ኦፍ» አድርገው። ፋይሉ ግን አንድ አይደለም፣ ልብ በል። «ኢቲሲ» ውስጥ «ፒኤችፒ»፣ ከዚያ «7.4» ስትገባ «ሲኤልአይ» እና «ኤፍፒኤም» የሚሉ ፎልደሮች ታያለህ። ሁለቱም ውስጥ በአንድ ስም ፋይል አለ። ዌብሳይቱ የሚያነበው የኤፍፒኤሙን ነው። ሰው የሲኤልአዩን ቀይሮ «እምቢ አለኝ» እያለ ቀኑን ሙሉ ሲታገል ይውላል። ኤፍፒኤሙን ሪስታርት ማድረግም አትርሳ፤ ኤንጂንኤክስን ማስነሳት ብቻውን ፒኤችፒን አይነካውም።

አፓቼውን ወደፊት ከኤንጂንኤክስ ጀርባ ልታደርገው ብታስብ አንድ ነገር እወቅ። ኤንጂንኤክስ የጀርባውን ሰርቨር «ሰርቨር» መስመር በራሱ ይጥለዋል፤ የራሱን ነው የሚያሳየው። «ኤክስ-ፓወርድ-ባይ»ን ግን እንዳለ ያሳልፋል፤ «ፕሮክሲ_ሃይድ_ሄደር» ብለህ ማገድ የአንተ ፋንታ ነው። ጎብኚውን በመሀል ሆኖ የሚቀበለውን የክላውድፍሌር አገልግሎት ፊት ያስቀመጣችሁም እንዲሁ፤ ከውጭ የሚታየው «ክላውድፍሌር» የሚል ስም ይሆናል። የዋናውን ማሽን አይፒ ያወቀ ግን በቀጥታ ሄዶ ያንኳኳል። ፋየርዎሉ ከክላውድፍሌር ሌላ ለማንም እንዳይከፍት ካላደረጋችሁ የተደበቀ ነገር የለም።

ዊንዶውስ ላይ ያላችሁ አንባቢዎች፣ የማይክሮሶፍት ዌብ ሰርቨር በሆነው አይአይኤስ 10 ላይ «ሪሙቭሰርቨርሄደር» የሚል ምርጫ በሪኩዌስት ፊልተሪንግ ሥር አለላችሁ። በኖድ ኤክስፕረስ የምትሠሩም «ኤክስ-ፓወርድ-ባይ»ን በአንድ መስመር «ዲሴብል» ታደርጋላችሁ። ከዚህ በላይ አልገባበትም።

ወደ ሥራ አስኪያጅህ ሐሳብ ልመለስ። «ማይክሮሶፍት ብለህ ጻፍበት» የሚሉት ሰውዬ ብልጠታቸው ይገባኛል። ብዙ ሰው ያስበዋል። ችግሩ፣ ስሙን ብትቀይርም ሌላው ሁሉ ያው ነው። ደሴ ፒያሳ ላይ ያለ አንድ ምግብ ቤት ታፔላውን አውርዶ «ፋርማሲ» ብሎ ቢለጥፍ፣ በሩ ጋ የደረሰ ሰው በምግቡ ሽታ ብቻ ያውቀዋል።

የአንተን እንይ። ዎርድፕረስ መሆኑን የገጹ ሶርስ ይናገራል፤ «ጄኔሬተር» የሚል መስመር ላይ ከነቁጥሩ ተጽፏል። ፒኤችፒ የሚሠራባቸው ሳይቶች ብዙ ጊዜ «ፒኤችፒሴስአይዲ» የሚል ኩኪ ይሰጣሉ። ከሁሉ የሚገርመው «ኢታግ» የሚባለው ሄደር ነው። ሰርቨሩ ለአንድ ተራ ፋይል፣ ለምሳሌ ለምስል፣ የሚሰጠው መለያ ነው። ኤንጂንኤክስ ይህን የሚሠራው ፋይሉ የተቀየረበትን ጊዜ አስቀድሞ፣ ሰረዝ አድርጎ፣ የፋይሉን መጠን በማስከተል ነው፤ በአሥራ ስድስት ቤት አቆጣጠር። አፓቼ ግን መጠኑን ያስቀድማል፣ ጊዜውን ያስከትላል። ጊዜውንም እስከ ማይክሮሰከንድ ስለሚቆጥር ቁጥሩ ይረዝማል። የቆየው የኤንጂንኤክስ «እንኳን ደህና መጡ» ገጽ 612 ባይት ነው። በአሥራ ስድስት ቤት 264 ይሆናል። ስለዚህ ኢታጉ ላይ ከሰረዙ በኋላ 264 ብቻ ቆሞ ያየ ባለሙያ፣ ስሙን ሳያነብ፣ አዲስ ተጭኖ ያልተነካ ኤንጂንኤክስ መሆኑን ያውቃል። 264 ከሰረዙ በፊት ቢሆን ኖሮ ወደ አፓቼ ይጠረጥር ነበር።

ገና የሄደሮቹ ቅደም ተከተል አለ። የተበላሸ ጥያቄ ስትልክለት የሚመልሰው የስህተት ገጽ አለ። እንደ ኤንማፕና ዋትዌብ ያሉ መሣሪያዎች እነዚህን ሁሉ አገናዝበው ይነግሩሃል። በራስህ ሰርቨር ላይ ሞክራቸው፤ ደስ የሚል ትምህርት ነው። በሰው ሰርቨር ላይ ግን እጅህን ሰብስብ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አለ፤ «እየተማርኩ ነበር» አያድንም።

የውሸት ስሙ ሌላም ጣጣ አለው። ነገ አንተ ሥራ ለቅቀህ አዲስ ልጅ ሲገባ፣ ችግር ሲፈጠር የሚያየው «ማይክሮሶፍት» ነው። ማሽኑን ሲከፍት ሊኑክስ ያገኛል። የትኛውን ማመን እንዳለበት እስኪገባው አባል ወረፋ ይዞ ይቆማል። ጎበዝ አጥቂ ደግሞ «አይአይኤስ» እያለ የአፓቼ ኢታግ የሚልክ ሰርቨር ሲያይ አይደናገርም፤ ይበልጥ ይጓጓል። እና በአፓቼ ላይ የውሸት ስም ለመጻፍ ሞድሴኩሪቲ የሚፈልገው ቅንብር ምን መሰለህ? ሰርቨርቶክንስን «ፉል» ማድረግ፣ ማለትም ከታች ያለው አፓቼ ሁሉንም እንዲናገር መፍቀድ። አንድ ቀን ሞጁሉ ሳይነሳ ከቀረ ከበፊቱ የባሰ ተገልጠህ ታገኛለህ።

ለሥራ አስኪያጅህ ስትነግራቸው በጨዋ ደንብ ይሁን። «ጋሼ፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» በላቸው፤ ወሎዬ ከሆኑ ስቀው ይለቁሃል። ከዚያ ገንዘብና ጊዜ ጠይቅ፤ ለሚቀጥለው ሥራ ያስፈልግሃል።

የሚቀጥለው ሥራ ማሻሻሉ ነው። ከ20.04 በቀጥታ ወደ 24.04 መዝለል አይቻልም፤ በ22.04 በኩል ነው የሚታለፈው። 22.04 ላይ ፒኤችፒ 8.1 ታገኛለህ፣ 24.04 ላይ ደግሞ 8.3። ከ7.4 ወደ 8 ሲገባ የቆዩ የዎርድፕረስ ፕለጊኖች ይሰበራሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የማሽኑን ኮፒ በሌላ ቦታ አስነሳና እዚያ ሞክር። ፈጣሪው የተወውን ፕለጊን ካገኘህ አታስታምመው፣ አውጣው። ይህን ሁሉ አሁን ለማድረግ ጊዜ ከሌለህ ኡቡንቱ ፕሮን አስገባ። ለጥቂት ማሽኖች በነጻ ይሰጣል፤ ለ20.04 የደህንነት ፓች እስከ 2030 ያራዝምልሃል። ማስታገሻ ነው፣ ግን ዛሬ ማታ የሚሠራ ማስታገሻ።

ማሻሻያውን ለሰኞ አጥቢያ አታድርገው። ሰኞ ገበያ የወጣ አባል ሁሉ ቀሪ ሂሳቡን ሊያይ፣ ቁጠባውን ሊያስገባ ጎራ ይላል። ቅዳሜ ማታ ጀምረው። ኔትዎርክ በመሀል ቢቆረጥ፣ መብራትም ቢጠፋ አትደንግጥ። ኡቡንቱን በኤስኤስኤች፣ ማለትም ከርቀት ገብተህ፣ ስታሻሽል ሥራውን በ«ስክሪን» ውስጥ ነው የሚያስኬደው፤ አንተ ብትቆረጥም እሱ ይቀጥላል። በ1022 ቁጥር ላይም ሁለተኛ በር ይከፍትልሃል፤ ዋናው እምቢ ካለህ በዚያ ትገባለህ፣ ፋየርዎሉ ላይ ለጊዜው ከፈቀድክለት። ሰርቨሩ ራሱ ቢሯችሁ ውስጥ ከሆነ ግን ዩፒኤሱን አስቀድመህ ፈትሽ። በባትሪ ስንት ደቂቃ እንደሚቆም ሳታውቅ አትጀምር።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከተጠየቅኩት ውጭ ነው። ዎርድፕረሳችሁ የጸሐፊዎችን የመግቢያ ስም ለጠየቀ ሁሉ ሊሰጥ ይችላል። ከአድራሻችሁ ቀጥለህ «ደብሊውፒ-ጄሰን»፣ «ደብሊውፒ»፣ «ቪ2»፣ «ዩዘርስ» ብለህ በብሮውዘር ክፈተው። ዝርዝር ከወጣልህ፣ እነዚያ ስሞች ሎግህ ላይ ያየሃቸው ደብዳቢዎች ግማሽ ሥራ ናቸው። ይኼ ከሰርቨር ስም በላይ ያሳስበኛል። እግረ መንገድህን ዌብሳይቱን የሠሩላችሁ ሰዎች ትተውት የሄዱት የዚፕ ፋይል ወይም የ«ፒኤችፒኢንፎ» ገጽ እንዳለ አጣራ። ፒኤችፒኢንፎ የቨርዥን ቁጥሩን፣ የፎልደሮቹን አድራሻ፣ የሁሉን ነገር ቅንብር በአንድ ገጽ ያሳያል። እሱ ተከፍቶ እያለ የሄደር ነገር ማውራት ቀልድ ነው።

ለኦዲተሩ የምትጽፈው መልስ አጭር ይሁን። የቨርዥን ቁጥሩ ከሁለቱም ሰርቨሮች ላይ ተነሥቷል፤ ከለውጡ በፊትና በኋላ ያለው የከርል ውጤት ተያይዟል። የሶፍትዌሩ ስም ሆነ ተብሎ ቀርቷል፤ ለማጥፋት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ሞጁል ከጥቅሙ ይልቅ ሸክሙ ስለሚያመዝን። የፒኤችፒና የኡቡንቱ ማሻሻያ በዚህ ቀን ይጠናቀቃል፤ ቀኑን ሥራ አስኪያጅህ ይፈርሙበት። ይህን ያነበበ ኦዲተር ሌላ ጥያቄ የሚያነሳ አይመስለኝም።

ከማሻሻሉ በኋላ ከርሉን እንደገና አድርግ። ኡቡንቱ በመሀል «የቀየርከውን ፋይል ላቆይ ወይስ አዲሱን ልተካ?» ብሎ ይጠይቅሃል፤ አዲሱን ካልክ የመሰላል ምልክቷ ልትመለስ ትችላለች። ፒኤችፒውም የሚያነበው አዲስ ፎልደር ውስጥ ያለ አዲስ ፋይል ነው፤ «ኤክስፖዝ_ፒኤችፒ»ን እዚያም ገብተህ ፈትሽ። የማይገባህ ነገር ከገጠመህ ውጤቱን ላክልኝ፤ የአይፒ ቁጥሩን ግን ሰርዘህ።